የአሮጌ ቮልስዋገን ቀለም አፋፋቅ፤ በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ በየግቢው ለሚሠሩ የቀረበ ማብራሪያ

ቮልስዋገን፥ በተለምዶ አጠራር «ቮልስ» የሚባለው አነስተኛ መኪና፥ በአገራችን በሰፊው የታወቀ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን በወረዱ ጊዜ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚሁ ዓይነት መኪና ነበር። የመጨረሻው ቮልስ በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ በ2003 እ.ኤ.አ. ከፋብሪካ ሲወጣ፥ በዓለም ላይ የተሠራው ጠቅላላ ቁጥር 21,529,464 ደርሶ ነበር። ስለዚህ ዛሬ በመንገዳችን የምናየው ቮልስ ሁሉ ከ20 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ነው፤ ብዙው እንዲያውም ግማሽ ምዕት ዓመት አልፎታል። ይህን ያህል የኖረ መኪና ደግሞ ከአንድ ጊዜ በላይ ቀለም መቀባቱ የማይቀር ነው።

አሮጌ መኪናን ማደስ ለጌጥ ብቻ የሚደረግ ሥራ አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 ከመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በእጅ ያለውን ጠብቆ ማኖር የሚጠቅምበት ዘመን ነው ማለት ነው። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ ከመሐል አዲስ አበባ ይልቅ ሰፋ ያለ ግቢ የሚገኝባቸው በመሆናቸው፥ ባለመኪናው ሥራውን በገዛ ደጁ ለመሥራት ይመቸዋል። ነገር ግን ያው ግቢ ልጆች የሚጫወቱበት፥ ልብስ የሚሰጣበት፥ ጎመን የሚተከልበትም ነው። ስለሆነም ቀለሙ እንዴት እንደሚነሣ ብቻ ሳይሆን፥ ከተነሣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ መመርመር ያስፈልጋል።

1. በገላው ላይ ያለው ምንድን ነው?

ፋብሪካው ላሜራውን በፎስፌት አክሞ፥ ፀረ ዝገት ቀለም ካለበሰው በኋላ፥ በምድጃ ሙቀት የሚደርቅ ኢናሜል ይቀባዋል። ከዚያ በላይ ያለው የጋራዦች ሥራ ነው፤ ይኸውም ናይትሮ፥ ሲንቴቲክ ወይም ከማድረቂያ ጋር የሚደባለቅ ቀለም፥ በየመካከሉም ስቱኮ ሊሆን ይችላል።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ከኮፈኑ ሥር በማይታይ ቦታ ላይ ቲነር የነካ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ማሳረፍ ነው። ቀለሙ ሟሙቶ ጨርቁን ካቀለመው ናይትሮ ነው። ካበጠና ከተጨማደደ ሲንቴቲክ ነው። ምንም ካልሆነ በማድረቂያ የጠነከረ ቀለም ወይም የፋብሪካው ኢናሜል ነው። ስቱኮውን ለማግኘት ደግሞ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ በገላው ላይ ማንሸራተት ይበቃል፤ ማግኔቱ ላላ በሚልበት ስፍራ ከቀለሙ ሥር ወፍራም ስቱኮ አለ። በመጨረሻም አንዲት ትንሽ ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ክብ አድርጎ ቢፍቁ፥ የቀለሙ ድርብርብ እንደ ግንድ ቀለበት ተራ በተራ ይታያልና መቁጠር ይቻላል።

2. አራቱ የመፋቂያ መንገዶች

ከሥራው በፊት ፓራውልቱ፥ መብራቶቹ፥ መስተዋቶቹ፥ ጌጦቹና ጎሚኒዎቹ መውለቅ አለባቸው። የቮልስ አራቱ ፓራፋንጎዎች በብሎን የተያዙ ስለሆኑ ተፈትተው ለየብቻ ሊፋቁ ይችላሉ፤ ይህም ለቤት ሥራ ትልቅ ምቾት ነው።

የመጀመሪያው መንገድ በእጅ መፋቅ ነው። በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ ወደ 120ና 180 ይታለፋል። ዘገምተኛ ነው፤ ነገር ግን ላሜራውን አይጎዳም፥ በውሃ እየረጠበ ከተሠራም ብናኝ አያስነሣም። በግራይንደር ወይም በትራፓኖ ላይ የሚታሰር የሽቦ ብሩሽ ፈጣን ነው፤ ዳሩ ግን አንድ ቦታ ላይ ካቆሙት ስሱ ላሜራ ግሎ ይጎብጣል፥ ብናኙም እስከ ጎረቤት ይደርሳል።

ሁለተኛው ኬሚካል ነው። ዲክሎሮሜቴን ያለበት ቀለም አንሺ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቀለሙን አኮማትሮ ያስለቅቃል። ነገር ግን ትነቱ ከአየር የሚከብድ በመሆኑ በተዘጋ ቤትና በጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ወደ ሰውነት ሲገባም ከፊሉ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። በዚህ ምክንያት የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በ2019 እ.ኤ.አ. ለተራ ተጠቃሚ እንዳይሸጥ ከልክለዋል። በእኛ አገር ከፍታ ጉዳዩ ይብሳል። ሦስቱም ከተሞች ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ስለሆኑ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ፈሳሹ በባሕር ወለል በ40 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ፥ በሱሉልታ ከፍታ ግን 31 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ፀሐይ የመታው ላሜራ ደግሞ ከዚህ በላይ ይግላል። ከሚተነፈሰው አየር ላይ ኦክሲጅን አስቀድሞ ባነሰበት ስፍራ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲጨመር የሚያስከትለውን መገመት አያዳግትም። የብናኝ መከለያ ጭምብል ይህን ትነት አያግደውም።

ኮስቲክ ሶዳም አሮጌ ኢናሜልን ያነሣል፥ ዋጋውም ርካሽ ነው። ብረትን አይበላም፤ አሉሚኒየምን ግን ያሟሟል። የቮልስ የጎን ጌጦች አሉሚኒየም ስለሆኑ አስቀድመው ካልወለቁ ይጠፋሉ። ዐይንን የሚያሳውር፥ ቆዳን የሚያቃጥል ነው። በመገጣጠሚያ ውስጥ የቀረ ሶዳም ከወራት በኋላ አዲሱን ቀለም ከሥር ያላቅቀዋል።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። የሞቀ ቀለም በመፋቂያ ይላጣል። ነገር ግን የእሳት ነበልባል ላሜራውን ያጣምማል፤ በቀለሙ ውስጥ እርሳስ ካለም ወደ ጭስ ይለውጠዋል።

አራተኛው በኮምፕሬሰር አሸዋ መንፋት ነው። ለቸርኬና ለወፍራም ብረት መልካም ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ለማይሞላ የኮፈን ላሜራ ግን አይስማማም፥ ያሞግገዋልና። ከዚያም በላይ የሲሊካ አሸዋ ብናኝ ሳንባን የሚያደርቅ፥ ሲሊኮሲስ የሚባል የማይድን በሽታ ያመጣል። እንግሊዝ አገር ለዚህ ሥራ የሲሊካ አሸዋ እንዳይውል በ1949 እ.ኤ.አ. በወጣ ደንብ ከልክላለች።

3. የእርሳስ ጉዳይ

በቀድሞ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ በሁለት መንገድ ይገባ ነበር፤ በፀረ ዝገቱ ውስጥ «ቀይ እርሳስ» ሆኖ፥ በቢጫና በብርቱካናማ ቀለሞች ውስጥ ደግሞ ክሮሜት ሆኖ። ከብረት ኦክሳይድ የሚሠራው ቀይ አንቲረስት ከቀይ እርሳስ ጋር ስለሚመሳሰል በዐይን መለየት አይቻልም። አገራችን በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከ1 ሚሊዮን ክፍል ከ90 ክፍል እንዳይበልጥ ወስናለች። ይሁን እንጂ ደንቡ የሚገዛው አዲሱን ቀለም ነው፤ ቀድሞ በላሜራው ላይ የተቀባውን ሊያነሣው አይችልም።

መጠኑን በምሳሌ እንመልከት። የድርብርቡ ውፍረት 0.3 ሚሊ ሜትር ቢሆን፥ ከ1 ካሬ ሜትር ላይ ግማሽ ኪሎ ያህል ፍቅፋቂ ይወጣል። ከዚህ ውስጥ አንድ መቶኛው ብቻ እርሳስ ቢሆን 5 ግራም፥ ማለትም 5 ሚሊዮን ማይክሮግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በ1 ዴሲሊትር ደም ውስጥ 5 ማይክሮግራም እርሳስ የተገኘበት ሰው የእርሳሱ ምንጭ ተፈልጎ እንዲወገድለት ይመክራል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ነገሩን ይረዳዋል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ልጆች ደግሞ መሬት ላይ ተጫውተው እጃቸውን ወደ አፋቸው ይወስዳሉ።

ስለዚህ ምርመራ ያልተደረገለት አሮጌ ቀለም ሁሉ እርሳስ እንዳለበት ሊቆጠር ይገባል። መሬቱ ላይ ሰፊ ላስቲክ ይነጠፋል፤ ቀለሙ እየረጠበ ይፋቃል፤ ፍቅፋቂው በየምሽቱ ሳይደርቅ ይሰበሰባል፤ በመጥረጊያ አይጠረግም። የሥራው ልብስ ከቤተሰቡ ልብስ ጋር አይታጠብም፤ ሠራተኛውም እጁን ሳይታጠብ እንጀራ አይቆርስም።

4. ፍቅፋቂው ወዴት ይሄዳል?

የእንጦጦ ሰንሰለት የሁለት ታላላቅ ወንዞችን ውሃ ይከፍላል። በሰበታና በቡራዩ ግቢ የፈሰሰ ውሃ ወደ አዋሽ ሲወርድ፥ ከሱሉልታ ሜዳ የሚወርደው በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይገባል። ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ የሚሰጠው የገፈርሳ ግድብም በቡራዩ አቅራቢያ ነው። ስለዚህ ፍቅፋቂውን በቦይ መልቀቅ ጉዳቱን ለሌላው ማስተላለፍ ነው፤ ማቃጠሉም እርሳሱን ወደ አየር መበተን ነው። ፍቅፋቂውን ከላስቲኩ ጋር ጠቅልሎ ክዳን ባለው ጣሳ ማሸግና ከቤት ቆሻሻ ለይቶ ማስቀመጥ፥ ቢያንስ ከአፈርና ከውሃ ያርቀዋል።

5. ከተፋቀ በኋላ

የተራቆተ ላሜራ ቶሎ ይዝጋል። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የክረምት ወራት ለዚህ ሥራ አይመችም፤ ተስማሚው ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው በጋ ነው። በበጋም ቢሆን የሱሉልታ ሌሊት ብርዳም ስለሆነ በማለዳ ብረቱ ላይ ጤዛ ያድራል። ከዚህ የተነሣ በአንድ ቀን ተፋቆ፥ በቲነር ተወልውሎ፥ ከመምሸቱ በፊት አንቲረስት ሊቀባ የሚችለውን ያህል ብቻ መግፈፍ ያሻል። ዛሬ አንድ ፓራፋንጎ፥ ነገ አንድ በር እየተባለ መሄዱ ይሻላል። በዝገት የተበሳ ቦታ ከተገኘ በስቱኮ ሳይደፈን ባትላሜራ ሠራተኛ ቆርጦ በአዲስ ላሜራ ሊበይደው ይገባል፤ ስቱኮ ዝገትን ይሸፍናል እንጂ አያቆምም።

6. ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ፍሬ ነገር፥ ያለ ምርመራ ገላውን ሁሉ መግፈፍ አስፈላጊ አለመሆኑ ነው። የፋብሪካው ሽፋን ካልተሰነጠቀ፥ ካላበጠና ከላሜራው ካልለቀቀ፥ በግቢ ውስጥ ከሚቀባ ከማናቸውም አዲስ ፀረ ዝገት ያላነሰ ጥበቃ ይሰጣል፤ እርጥብ የብርጭቆ ወረቀት አሻክሮት አዲሱን ቀለም በላዩ መቀባት ይቻላል። መፋቅ ያለበት ያበጠው፥ የዛገውና ስቱኮ የተከመረበት ቦታ ነው። እንዲህ ሲደረግ ድካሙና ወጪው ይቀንሳል፤ ከላሜራው ወደ ግቢው አፈር የሚወርደውም እርሳስ በዚያው ልክ ያነሰ ይሆናል።