ሳይቃጠል በቅጠል፦ ልጆቻችን ከ12ኛ ክፍል በኋላ

በአሜሪካ የምንኖር ወላጆች ስለ ልጃችን የምርቃት ድግስ የምንጨነቀውን ያህል ከድግሱ በኋላ ስለሚመጣው ዕዳ አንወያይም። የአንደኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት በራሱ ስም የሚበደረው በመደበኛው እስከ 5,500 ዶላር ነው። ጉድለቱን ለመሙላት «ፓረንት ፕላስ» የተሰኘውን ብድር የሚፈርመው ወላጅ ነው፤ ልጁ ቢመረቅም ባይመረቅም ከፋዩ እሱ ነው። ስለሆነም «ፋፍሳ» የተባለው የእርዳታ ማመልከቻ በ12ኛ ክፍል መጀመሪያ፣ በኦክቶበር፣ ይሞላ፤ አንዳንዱ እርዳታ ቀድሞ ላመለከተ ነው የሚሰጠው። ምሕንድስና ለሚሻ ልጅ ደግሞ፣ በሙያዬ እንደማውቀው፣ ከዩኒቨርሲቲው ስም ይልቅ ፕሮግራሙ የ«ኤቤት» ዕውቅና ያለው መሆኑ ይጣራ። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ካልኩለስና ፊዚክስ ተምሮ መዛወር ውርደት አይደለም፤ ዲግሪውን የሚሰጠው የሚጨርስበት ዩኒቨርሲቲ ነው። ለሰው አፍ ተብሎ የጡረታ ገንዘብ አይማገድ።