ለአራሷ ልጃችን ሁለት ዓመት

ዛሬ የምንነጋገረው በአሥራ ስድስትና በአሥራ ሰባት ዓመቷ ልጅ ስለታቀፈች ልጃችን ነው። እንዴት ወለደች የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው። አሁን የሚያሳስበን ሰውነቷ ሳይጠና ሁለተኛው እርግዝና እንዳይደርስባት ነው።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ሴቶች 13 በመቶዎቹ ወልደዋል ወይም የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘው ነበር። ከስምንቷ አንዷ መሆኗ ነው። በወላይታ ሶዶም፣ በአረካም፣ በቦዲቲም እናውቃታለን።

ይህች ልጅ ራሷ ገና በማደግ ላይ ናት። ያጣችውን ደም ሳትተካ ዳግም ካረገዘች ደም ማነስ ይበረታባታል፤ ፅንሱም ያለ ጊዜው ሊወለድ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ እስከ ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ 24 ወር ይቆይ ይላል። ይህ ቁጥር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ሱረቱል በቀራ በ233ኛው አንቀጽ ማጥባትን መሙላት ለሚሻ ሁለት ሙሉ ዓመት ያነሳል። ቁርኣን በሚወርድበት ዘመን ሶሐቦች ዐዝል ያደርጉ እንደነበር ጃቢር (ረ.ዐ.) ያወሩት ሐዲሥም በቡኻሪና በሙስሊም ይገኛል። ብዙ ዑለሞች ባልና ሚስት ተስማምተው ልጅ ማራራቅን የፈቀዱት ይህን ይዘው ነው። ማኅፀንን ለዘለቄታው መዝጋት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

በየቤታችን የሚሰማ አንድ አባባል አለ፤ «እያጠባች አታረግዝም» ይባላል። ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ጡት የሚከላከለው ሕፃኑ ስድስት ወር ሳይሞላው፣ ቀንም ሌትም ጡት ብቻ ሲጠባ፣ የእናቲቱም የወር አበባ ሳይመለስ ነው። አያት ለሆድ ቁርጠቱ ብላ የአብሽ ውኃ ማስለመድ ከጀመረች መከላከያው መላላት ጀመረ ማለት ነው። ደግሞም እንቁላሉ ከወር አበባው ቀድሞ ስለሚወጣ፣ አንዲት እናት ደም ሳታይ ልታረግዝ ትችላለች።

አስተውሉ፤ ኒፋሱ አርባ ቀን ገደማ ላይ ያበቃል፣ የሕፃኑ ክትባት ደግሞ በ45ኛው ቀን ነው። በዚያን ቀን እናቷ ወይም አማቷ፣ ከተቻለም ባሏ፣ አብረዋት ጤና ኬላ ይሂዱ። ብቻዋን ከሄደች «ማን ፈቀደልሽ» መባልን ፈርታ ሳትጠይቅ ትመለሳለች። በየሦስት ወሩ የሚወሰድ መርፌ አለ፤ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበር፣ ለሦስት ዓመት የሚያገለግልም አለ። ይህን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ መስጠት ጀምረዋል። ሉፕ የምትመርጥ ወደ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። በመንግሥት ጤና ተቋማት አገልግሎቱ በነፃ ነው። ኪኒን ከፈለገች የምታጠባ መሆኗን ትናገር፤ ወተት የሚቀንስ ዓይነት አለና።

ያመክናል የሚባለው ስህተት ነው። የክንዱ ሲወጣ እርግዝና ቶሎ ይመለሳል፤ ከመርፌው በኋላ ግን ወራት ሊዘገይ ይችላል። ሁለቱም የወር አበባን ያዛባሉ። በዚህ ምክንያት ሶላቷ ግራ የገባት እህት ሐይድና ኢስቲሓዷን ለይቶ የሚያስረዳ ዓሊም ትጠይቅ እንጂ በራሷ አታቋርጥ።

ያለ ኒካህ የወለደችውን ደግሞ ነውር ለመሸፈን ለመጣው ሁሉ በጥድፊያ የሚድሩ ቤተሰቦች አሉ። ዓመት ሳይሞላ ሁለተኛውን ታረግዛለች። ከ18 ዓመት በታች ማጋባት በሕግ ያስቀጣል፤ ባያስቀጣስ ይህ መሸፈን ነው? ሕፃኑን አያት ትያዝላት፤ እርሷ የማታም ቢሆን ወደ ትምህርቷ ትመለስ።

የክትባት ካርዱን ዛሬ አውጡና 45ኛው ቀን መቼ እንደሚውል ተመልከቱ።