ወሬና ወረርሽኝ

በቆቦና በአላማጣ መካከል፣ በራያ ቆላ የማሽላ ምድር ላይ ለምትገኘው ለዋጃ የሩቅ ሀገር ነገር ቀድሞ ይደርሳት የነበረው በነጋዴና በመንገደኛ አፍ ነበር። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ ኢትዮጵያን በመታ ጊዜ ሬዲዮ ገና ስላልነበረ፣ ሕዝቡ መቅሠፍቱን የተረዳው ከጎረቤት ልቅሶና ከካህናት ምሕላ ነው፤ ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ እየሰበሰቡ ማጠንም የዚያ ዘመን ዝክር ሆኖ ቀርቷል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ሲነገር ግን፣ ዜናው በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በፌስቡክ በአንድ ጊዜ ተሰማ፤ ስልክ የደወለም ሰው የወዳጁን ድምፅ ከመስማቱ በፊት ስለ እጅ መታጠብ ይመከር ጀመር። ከዚሁ ጋር ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ፌጦ በሽታውን ይፈውሳሉ የሚል ወሬ ተናኘ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እንዲህ ያለውን የእውነትና የሐሰት ድብልቅ ጎርፍ አስቀድሞ ራሱን የቻለ ወረርሽኝ ብሎ ሰይሞት ነበር።

ወሬ እንዲህ የሚታመንበት ምሥጢር የሰው ልብ ከነገሩ ይልቅ ነጋሪውን መመዘኑ ነው፤ ደጋግሞ የሰማውም እውነት ይመስለዋል። ስለዚህ የሬዲዮው ቃል ፍሬ የሚያፈራው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የነፍስ አባቱ በአንድ ልሳን ሲያጸኑት ነው። አበው ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ማለታቸው ለዚህ ይስማማል።