ከቅጣት በኋላ የሚቀረው ዕዳ

መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢዋ የጋሞና የሌሎች የደቡብ ብሔረሰቦች ተወላጆች መገደላቸው ሲሰማ አርባ ምንጭ በሐዘንና በቁጣ ተናወጠች። ወጣቶች ለበቀል ተነሡ። መንገድ ላይ ግን የጋሞ አባቶች ቀደሟቸው። እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ተንበርክከው ለመኗቸው። በጋሞ ባህል ሣር ይዞ የተንበረከከን አባት አልፎ መሄድ ነውር ነው። ወጣቶቹ ቆሙ፤ ተመለሱም። ሊፈስ የነበረ የንጹሐን ደም ሳይፈስ ቀረ።

ያ ሣር ያስቀረው ግን ሊመጣ የነበረውን ጥፋት ነው። የደረሰውስ? ዘመዱን የቀበረ፣ ቤት ንብረቱን ጥሎ የሸሸ ሰው ከማን ምን ያገኛል?

የሕግ ባለሙያዎች «የተሃድሶ ፍትሕ» የሚሉት አስተሳሰብ የሚነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው። መደበኛው ፍርድ ቤት የሚመረምረው የትኛው ሕግ እንደተጣሰ፣ ማን እንደጣሰውና ምን ቅጣት እንደሚገባው ነው። አሜሪካዊው ምሁር ሐዋርድ ዜር ደግሞ ጥያቄዎቹን ከሌላ ወገን ይጀምራል፦ የተጎዳው ማን ነው? ምን ያስፈልገዋል? ጉዳቱን የመጠገን ግዴታ ያለበትስ ማን ነው?

ልዩነቱ በአንድ በሬ ይታያል። በሬው የተሰረቀበት ገበሬ፣ ሌባው ተይዞ አምስት ዓመት ቢፈረድበትም፣ መሬቱ ጦም ማደሩ አይቀርም። ችሎት ላይም የሚቀርበው እንደ ምስክር ነው፤ የተጠየቀውን መልሶ ይሰናበታል። ሌሊቱን ሙሉ ያብሰለሰለውን «ለምን እኔን?» የሚለውን ጥያቄ የሚያነሣበት ቦታ የለውም። ሌባውም ቢሆን ቅጣቱን ጨርሶ ሲወጣ ለመንግሥት የከፈለ እንጂ ለገበሬው የከፈለ አይደለም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት በዘመናዊ ሕግ ውስጥ ከተደረጉት ሙከራዎች ዝነኛው የተጀመረው በካናዳ፣ ኦንታርዮ ግዛት በምትገኘው ኤልማይራ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሁለት ወጣቶች ሰክረው በአንድ ሌሊት በ22 ሰዎች ንብረት ላይ ጉዳት አደረሱ፤ የመኪና ጎማ ቀደዱ፣ መስኮት ሰበሩ። ጉዳዩን የያዘው የአመክሮ ሠራተኛ ለዳኛው ያልተለመደ ሐሳብ አቀረበ፦ ልጆቹ የበደሏቸውን ሰዎች ፊት ለፊት ቢያገኟቸውስ? ዳኛው መጀመሪያ ቢያመነቱም በመጨረሻ ፈቀዱ። ወጣቶቹ በየደጃፉ እየሄዱ ጥፋታቸውን አመኑ፤ የጉዳቱን መጠን ጠየቁ፤ በወራት ውስጥም ካሣውን ከፈሉ። ሽምግልና ላደገበት አንባቢ ይህ አዲስ ነገር ላይመስል ይችላል። ለካናዳ ፍርድ ቤት ግን አዲስ በር ነበር፤ በዳይና ተበዳይን የሚያገናኙ ፕሮግራሞችም ከዚያ ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፉ።

ኒውዚላንድ ሐሳቡን ወደ ሕግ ከፍ አደረገችው። የማኦሪ ሕዝብ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ልጅን ከቤተሰቡና ከዘመዱ ነጥሎ ይወስዳል ሲል ለዓመታት ያማርር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ሕግ የቤተሰብ ጉባኤን የወጣት ጥፋተኞች ጉዳይ ዋና መንገድ አደረገው። በጉባኤው ላይ ልጁ፣ ዘመዶቹ፣ ፖሊስና ፈቃደኛ ከሆነም ተበዳዩ ተቀምጠው ጉዳቱ እንዴት እንደሚጠገን ይመክራሉ። ነፍስ ግድያ ግን ከዚህ ውጭ ነው።

ውጤቱስ? በእንግሊዝ የሸፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለአገሪቱ የፍትሕ ሚኒስቴር ባደረጉት ጥናት ከበዳያቸው ጋር ፊት ለፊት ከተገናኙ ተበዳዮች 85 በመቶው በሂደቱ ረክተዋል። ጥፋተኞቹ እንደገና ወንጀል የሚፈጽሙበት ድግግሞሽም በ14 በመቶ ቀንሷል። ወንጀልን ከሥሩ የሚነቅል ቁጥር አይደለም። ያም ሆኖ ከበደል የሚድን ሰው ያለበት ቁጥር ነው።

ጥፋቱ የተሰበረ መስኮት ሳይሆን የዘር ፍጅት ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. ከ1994ቱ ፍጅት በኋላ ሩዋንዳ ከ100 ሺህ የሚበልጡ ተጠርጣሪዎችን በእስር ቤቶቿ አጨቀች። ሁሉንም በመደበኛ ችሎት ለመዳኘት ከመቶ ዓመት በላይ እንደሚወስድ ሲገመት አገሪቱ ወደ ጥንቱ ጋቻቻ ተመለሰች። የስሙ ምንጭ ሣር ነው፤ ሽማግሌዎች ሣር ላይ ተቀምጠው የሚዳኙበት ሥርዓት ነበር። 12 ሺህ ያህል የጋቻቻ ችሎቶች እ.ኤ.አ. በ2012 እስኪዘጉ ድረስ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ጉዳይ አዩ። ጥፋቱን ላመነ ቅጣቱ ይቀንስለት ነበር። ብዙ ቤተሰቦችም የዘመዶቻቸው አስከሬን የት እንደተጣለ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት እዚያ ነው።

ጋቻቻ ጠባሳም ጥሎ አልፏል። ተከሳሾች ጠበቃ አልነበራቸውም፤ የመሰከሩ ሰዎች ዛቻ፣ አንዳንዶቹም ሞት ገጥሟቸዋል። በአሸናፊው ወገን ወታደሮች የተፈጸሙ ግድያዎች ደግሞ በዚያ ሣር ላይ አልቀረቡም። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው የአበው ብሂል እዚህ ላይ ሚዛን ይሆናል። ሰውን የሚያቆስለው የተወሰደበት ነገር ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ሳይሰማ መወሰዱም ነው። ሐዘኑ ችሎት ያልቀረበለት ሰው ጎረቤቱ ሲታረቅ እያየ ቁስሉ አይድንም።

ደቡብ አፍሪካ ሌላ ትምህርት አላት። በሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ የተመራው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ከ21 ሺህ በላይ የተበዳዮች ቃል ተቀበለ። እውነቱን ሙሉ በሙሉ ለተናገረ፣ ድርጊቱም ፖለቲካዊ ለነበረ ሰው ምሕረት ተሰጠ። ከሰባት ሺህ በላይ ሰዎች አመልክተው ያገኙት 849 ብቻ ናቸው። ምሕረት የተነፈጉትና ጭራሹን ያልቀረቡት በሕግ ይጠየቃሉ የሚል ውል ነበር። ግን አብዛኞቹ አልተጠየቁም። በአፓርታይድ ዘመን የተገደሉት ሰዎች ቤተሰቦች መንግሥትን እስከ መክሰስ ደረሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2025ም ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፎሳ ክሶቹ ለምን እንደተጓተቱ የሚያጣራ ኮሚሽን አቋቋሙ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ዕርቅ ዳግም ተከፈተ፤ ምክንያቱ የውሉ ግማሽ ሳይፈጸም መቅረቱ ነው።

በኢትዮጵያ የዕርቅ ሥርዓት እጥረት የለም። በኦሮሞ ጉማ፣ በሲዳማ አፊኒ፣ በወሎ አበጋር፣ በየመንደሩም ሽምግልና አለ። ገዳይ ዕድሜ ልክ ቢፈረድበት እንኳ ደም ካልደረቀ በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል ሰላም እንደማይወርድ የገጠር ዳኞች ጠንቅቀው ያውቃሉ። ሕጉ ግን ሁለት ልብ ሆኖ ቆይቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የግልና የቤተሰብ ክርክር በተከራካሪዎች ፈቃድ በባህልና በሃይማኖት ሥርዓት እንዲዳኝ ሲፈቅድ ስለ ወንጀል ጉዳይ ግን በግልጽ የደነገገው የለም።

ይሁንና ሽምግልናን ማወደስ ብቻ አይበቃም። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሴት ልጅን የጠለፈ ሰው ካገባት ከክስ ይድን ነበር። ጠላፊው ሽማግሌ ይልካል፤ የሁለቱ ወገን አባቶች ይስማማሉ፤ ነገሩ «በዕርቅ» ያልቃል። ልጅቷን የጠየቀ የለም። የሴቶች መብት ተሟጋቾች ለዓመታት ታግለው ያ አንቀጽ በ1997 ሥራ ላይ በዋለው አዲስ የወንጀል ሕግ ተሰረዘ። ዛሬም ግን በየቀበሌው የተደፈረች ልጅ ጉዳይ በካሣና በይቅርታ ሲድበሰበስ ይታያል። ይህን ዕርቅ ብሎ መጥራት ቃሉን ማርከስ ነው። ተበዳዩ ያልተቀመጠበት ሸንጎ የበዳዩን ዕዳ ይሰርዛል እንጂ አይከፍልም።

ከሸንጎው ውጭ፣ በትምህርት ቤትም ጥያቄው ያው ነው፦ የተጎዳው ማን ነው? በአሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ በ44 ትምህርት ቤቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ያጠፋ ተማሪን ከማባረር ይልቅ ከተጎዳው ጋር አቀራርቦ ማነጋገር ተማሪዎች በቅጣት ከትምህርት ገበታ የሚርቁበትን ቀን እንደቀነሰ አሳይቷል፤ መምህራንም የትምህርት ቤታቸው ድባብ መሻሻሉን መስክረዋል። ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ባሉት ተማሪዎች የፈተና ውጤት ላይ ግን መቀነስ ታይቷል። ጊዜ፣ የሠለጠነ አወያይና የአለቆች ቁርጠኝነት የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። የወንጀል ተጠያቂነት፣ እውነትን ማውጣት፣ ካሣ፣ በቅድመ ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ምሕረት፣ የተቋማት ማሻሻያና ባህላዊ የፍትሕ ሥርዓቶች በአንድ ሰነድ ውስጥ ጎን ለጎን ተጽፈዋል። የፖሊሲው ፈተና በሸንጎው ማን እንደሚቀመጥ ነው። መስከረም 2011 ላይ ዘመዱን የቀበረ ሰው በስሙ ተጠርቶ፣ ምን እንዳጣና ምን እንደሚሻ ተጠይቆ፣ የተናገረው መዝገብ ላይ ሰፍሮ፣ መልስ የሚሰጠው ወገን ፊቱ ሊቀመጥ ይገባል። የጋሞ አባቶች በአርባ ምንጭ መንገድ ላይ ተንበርክከው ያተረፉት ጊዜ ለዚህ ቀን ይሁን።