ስታትስቲክስ በጅቡቲ ከተማ፦ ከቈጠራና ከናሙና ጥበብ ጋር ትውውቅ

ጅቡቲ ከተማ በባሕርና በበረሃ መካከል ተቀምጣ የሌላውን አገር ዕቃ በመስፈርና በማሳለፍ የምትኖር እንደ መሆኗ መጠን፣ ከመርከብ የሚራገፈው ስንዴ በቶን፣ በዶራሌ ወደብ የሚደረደረው ኮንቴይነር በቍጥር፣ ከናጋድ ጣቢያ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው ባቡር ጭነት በሚዛን እየታወቀ በየዕለቱ ይመዘገባል፤ ሰውን መቍጠር ግን ዕቃን ከመስፈር ይልቅ እጅግ የሚከብድ ነውና፣ ይህን ከባድ ሥራ የያዘ አንድ መሥሪያ ቤት በዚችው ከተማ ይገኛል። ይኸውም ቀድሞ በፈረንሳይኛው አኅጽሮት ዲሴድ ይባል የነበረው፣ ዛሬ ኢንስታድ ተብሎ የሚጠራው የጅቡቲ ብሔራዊ የስታትስቲክስ ተቋም ነው። ስለዚህ ጥበብ መሠረታውያን ሐሳቦች ለአንባቢ ለማስረዳት፣ ከመጽሐፍ ደረቅ ምሳሌ ይልቅ የዚህን ከተማ ኑሮ መከተል ይሻላል።

የጥበቡ መጀመሪያ ቈጠራ ነው። ሰውን በየነገዱና በየቤተሰቡ መቍጠር ከኦሪት ዘኍልቍ ጀምሮ የታወቀ፣ በቄሣር አውግስጦስም ዘመን ትእዛዝ የወጣበት የመንግሥታት ሥራ ነው። ጅቡቲ በ1977 እ.ኤ.አ. ነፃነቷን ካገኘች ወዲህ ሕዝቧን የቈጠረችው በ1983፣ በ2009 እና በ2024 ነው። በ2009ኙ ቈጠራ 818,159 ሰው ተገኘ፤ ከዚህም ውስጥ 475,322ቱ፣ ማለት ከመቶ 58 ያህሉ፣ በጅቡቲ ከተማ የሚኖር ነበረ። በ2024ቱ ደግሞ የአገሪቱ ሕዝብ ከአንድ ሚሊዮን ማለፉ ታወቀ። ይህን የሚሰማ ሰው ቍጥሩን እንደ ተጠናቀቀ ነገር ይቀበለዋል፤ እኔ ግን ስታትስቲክስን ለመረዳት የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ «ስንት ነው?» የሚለውን ሳይሆን «ማን ተቈጠረ? በየትኛው ቀን? በምንስ ትርጕም?» የሚለውን ነው ብዬ አምናለሁ።

በጅቡቲ ይህ ጥያቄ የተማረ ሰው ጨዋታ አይደለም። በ2009 ከተቈጠረው ሕዝብ ከአምስት አንድ ያህሉ ከብቱንና ግመሉን ይዞ ከውኃ ወደ ውኃ የሚዘዋወር ዘላን ነበረ፤ ቤት የሌለውን ቤት ለቤት መቍጠር አይቻልምና፣ እንዲህ ላለው ሕዝብ የቈጠራ ሊቃውንት ካዘጋጇቸው ዘዴዎች አንዱ በድርቅ ወራት ሰዉ የሚሰበሰብባቸውን የውኃ ጕድጓዶች አስቀድሞ መዝግቦ በዚያ መጠበቅ ነው። በከተማውም ውስጥ ቢሆን ትናንት ከድሬዳዋ የመጣው፣ ነገ ወደ የመን ለመሻገር የሚያስበው፣ ሌሊቱን ከመንገድ ዳር የሚያድረው፣ በመጠለያ ያለው ስደተኛ፣ ከነዚህ ማን ነዋሪ ነው? በዕለቱ በቦታው የተገኘውን ሁሉ መቍጠር አንድ ሥርዓት ነው፤ ስድስት ወር የተቀመጠውን ወይም ለመቀመጥ ያሰበውን ብቻ መቍጠር ሌላ ሥርዓት ነው። ሁለቱ ሥርዓቶች በአንዲት ከተማ፣ በአንድ ቀን፣ ሁለት የተለያየ ቍጥር ይሰጣሉ፤ ሁለቱም ሐሰት አይደሉም።

ቈጠራ ብዙ ገንዘብና ብዙ ሰው ስለሚጠይቅ በየዓመቱ ሊደረግ አይችልም፤ ስለዚህም ከጠቅላላው ሕዝብ ጥቂቱን ወስዶ ስለ ሁሉ መናገር የሚባለው የናሙና ጥበብ ተገኘ። የስንዴ መርከብ ከወደቡ ሲደርስ መርማሪዎቹ እህሉን ሁሉ አያበጥሩትም፤ ከየክፍሉ፣ ከላዩም ከሥሩም፣ ጥቂት ጥቂት እየቀዱ አንድ ላይ ቀላቅለው እርጥበቱንና ንጽሕናውን ይመረምራሉ። ከላይ ብቻ ቢቀዱ ከሥር የሻገተውን አያዩትምና፣ የናሙና እውነተኛነት ከብዛቱ ይልቅ በአወሳሰዱ ላይ የቆመ ነው። ኢንስታድም ኤዳም የተባለውን የቤተሰብ ኑሮ ጥናት ሲያካሂድ፣ እንደዚህ ባሉ ጥናቶች ሁሉ እንደ ተለመደው፣ በቈጠራ ጊዜ ከተከፋፈሉት ቀበሌዎች መጀመሪያ ጥቂቶቹን በዕጣ ያወጣል፤ ቀጥሎ በወጡት ቀበሌዎች ውስጥ ያሉትን ቤቶች መዝግቦ ከመዝገቡ እንደገና በዕጣ ይመርጣል። ዕጣ ማለት በዘፈቀደ መያዝ አይደለም፤ በባልባላ ሰፈር ያለው የቆርቆሮ ቤትና በባሕሩ ዳር ያለው ቪላ እያንዳንዳቸው የመመረጥ ዕድላቸው አስቀድሞ እንዲታወቅ የሚያደርግ ሥርዓት ነው።

ከዚህ የሚገኘው አንድ ነገር ብዙ ሰው የማያምነው ስለሆነ በግልጥ መነገር አለበት። በዕጣ የተመረጡ አንድ ሺህ ሰዎች ስለ አንድ ጉዳይ ቢጠየቁ፣ መልሳቸው ከጠቅላላው ሕዝብ እውነተኛ መልስ የሚርቀው፣ ጥናቱ መቶ ጊዜ ቢደጋገም በዘጠና አምስቱ፣ ከመቶ ሦስት ነጥብ ያህል ቢበዛ ነው፤ ይህም ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብም ሆነ ለመቶ ሚሊዮን ሕዝብ ያው ነው። ስሕተቱን በግማሽ ለመቀነስ የሚሻ ግን የተጠያቂዎቹን ቍጥር በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ማብዛት አለበት።

ስታትስቲክስ የሚመረምረው የሚለዋወጠውን ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዱ የአሜሪካ ዶላር በ177.721 እንዲመነዘር የተወሰነ ስለሆነ፣ የምንዛሬውን መዝገብ በየዓመቱ የሚያገላብጥ ሰው አንድ ዐይነት አኃዝ ብቻ ያገኛል፤ በዚህ ላይ ጥበቡ የሚሠራው ሥራ የለውም። የሰው ገቢ፣ የልጆች ቁመት፣ የዝናብ መጠን ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያሉና ተለዋዋጭ ይባላሉ፤ እነርሱንም በአንድ ቍጥር ጠቅልሎ ለመናገር ሦስት የተለመዱ መንገዶች አሉ።

ለምሳሌ ያህል በአንድ መንገድ የሚኖሩ ሰባት ሰዎች የወር ገቢያቸው 35 ሺህ፣ 35 ሺህ፣ 35 ሺህ፣ 45 ሺህ፣ 50 ሺህ፣ 60 ሺህ፣ የሰባተኛውም 860 ሺህ ፍራንክ ነው እንበል። ሁሉ ተደምሮ ለሰባት ሲካፈል 160 ሺህ ይሆናል፤ ይህ አማካይ ይባላል። ከትንሹ ወደ ትልቁ ተሰልፈው ከመካከል የሚቆመው ሰው ገቢ 45 ሺህ ነው፤ ይህ ሚዲያን ነው። ብዙ ጊዜ የተደጋገመው 35 ሺህ ደግሞ ሞድ ነው። ከሰባቱ ስድስቱ አማካዩን በዐይናቸው አይተውት አያውቁም። በአገር ደረጃም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በጅቡቲ ላለው ለሞኒየር ለተባለው የጦር ሰፈሩ የሚከፍለው ኪራይ በ2014ቱ ውል በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው፤ ይህ ገንዘብ በ2009 ለተቈጠረው ሕዝብ ቢካፈል ለእያንዳንዱ ነፍስ 77 ዶላር ይደርሰዋል፤ ዳሩ ግን በዲኪል በረሃ ፍየል የሚጠብቅ ሰው ይህን ድርሻ በእጁ አልያዘም። ስለዚህ ወደቡና የጦር ሰፈሮቹ ገቢውን በሚያከማቹበት አገር ስለ ኑሮ ሲነገር፣ አማካዩን ብቻ የሚነግረን ሰው ሚዲያኑንም እንዲጨምርልን መጠየቅ ይገባናል።

አማካይ ብቻውን የሚሰውረው ሌላም ነገር አለ። በጅቡቲ ከተማ የዓመቱ ዝናብ በአማካይ ከ150 ሚሊ ሜትር ብዙም የማይርቅ ስለሆነ፣ በዚህ ቍጥር ብቻ የሚመራ መሐንዲስ ሰፊ የውኃ መውረጃ ባይሠራ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ሳጋር የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ወደ 110 ሚሊ ሜትር የሚሆን ዝናብ፣ የዓመቱ አብዛኛው፣ ባንድ ጊዜ ወረደ፤ በኅዳር 2019ም እንዲሁ ያለ ጎርፍ ከተማዋን አጥለቀለቃት። ዓመታቱ ከአማካዩ በተለምዶ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚለካው መደበኛ ልይይት የተባለው መስፈርት ነው፤ ለአምቡሊ ወንዝ ዳር ነዋሪም ከአማካዩ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ነው።

ስሕተት ሁሉ ከዕጣ የሚመጣ አይደለም። የዕጣ ስሕተት ናሙናው ሲበዛ ይቀንሳል፤ አድልዎ፣ ማለት ከአወሳሰዱ ወይም ከአጠያየቁ የሚመጣው ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ስሕተት፣ ግን ናሙናው በበዛ መጠን ይበልጥ የታመነ እየመሰለ ይሄዳል። ከትርጕም የሚመጣም ልዩነት አለ። በ2017ቱ የኤዳም ጥናት ሥራ አጥነት ወደ 47 በመቶ መሆኑ ሲነገር ብዙዎች ደነገጡ፤ ይህ ቍጥር የተገኘው ግን ሥራ የሚፈልገውን ብቻ ሳይሆን ተስፋ ቈርጦ መፈለጉን የተወውንም አንድ ላይ በሚያይ ሰፊ ትርጕም ነው፤ ባለፉት አራት ሳምንታት ሥራ የፈለገውን ብቻ በሚቀበለው ጠባብ ትርጕም ቢሰላ እጅግ ያንሳል። ተስፋ የቈረጠውን ሰው ከመዝገብ ማውጣት ችግሩን አያወጣውምና፣ በእኔ ፍርድ ሰፊው ትርጕም ለዚች ከተማ ይበልጥ የቀረበ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የስደተኞቹ ኢትዮጵያውያን ወገኖቻችን ቈጠራ ነው። ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሐረርጌና ከአርሲ ተነሥተው፣ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር በሚገኘው በአሳል ሐይቅ አጠገብ በእግራቸው አልፈው፣ ወደ የመን ለመሻገር በታጁራ በኩል ወደ ኦቦክ የሚወርዱትን ወጣቶች ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት በመንገዱ ላይ ባቆማቸው የመመልከቻ ነጥቦች ይቈጥራቸዋል። ሥራው እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም የሚቈጠረው ማለፍ እንጂ ሰው አይደለም። ሁለት ጊዜ ያለፈ ሁለት ይሆናል፤ በሌሊት በሌላ ሸለቆ የሄደ፣ በጥማትም ከመንገድ የቀረ፣ ከቍጥሩ የለበትም። ስለዚህ ይህን አኃዝ በጋዜጣ የሚያነብ ሰው የስደተኞቹ ጠቅላላ ድምር አድርጎ እንዳይወስደው ያስፈልጋል።

ሁለት ነገሮች አብረው መሄዳቸውም አንዱ የሌላው መንሥኤ መሆኑን እንደማያሳይ ይታወቅ። በሐምሌ የከተማዋ የኤሌክትሪክ ፍጆታ ይጨምራል፤ በዚያው ወር አቅም ያለው ቤተሰብ ከከተማ ይወጣል፤ ሁለቱን ያስከተለው ግን ሙቀቱ ነው።

የቤተሰብ ጥናት ናሙና አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከቈጠራ መዝገብ ነውና፣ መዝገቡ ሲያረጅ በላዩ የተሠራው ጥናት ሁሉ አብሮ ያረጃል። ጅቡቲ ከሁለተኛው ቈጠራ እስከ ሦስተኛው 15 ዓመት ቆይታ በመጨረሻ ሕዝቧን ቈጠረች። ኢትዮጵያ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ አካሂዳ፣ በመጨረሻው ወደ 74 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ ካገኘች ወዲህ፣ አራተኛው ቈጠራ ከአንድ ጊዜ በላይ ተላልፎ እስካሁን አልተፈጸመም፤ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነው የሚባለው ሕዝቧ የሚታወቀው በግምት ነው። ከ1999ኙ ቈጠራ ማግሥት የተወለደው ሕፃን ዛሬ ለአካለ መጠን ደርሶ፣ አንዳንዱም በኦቦክ መንገድ ላይ ይገኛል፤ በአገሩ መዝገብ ላይ ግን ገና አልተቈጠረም። መንግሥትም ሊቃውንትም ይህን ቈጠራ ሳይውል ሳያድር ሊፈጽሙት ይገባል።