ፊት የሚያቀላ ቅባት እንዴት ይሠራል?

ዌስትቼስተር የሎስ አንጀለሱ ኤል ኤ ኤክስ አውሮፕላን ማረፊያ ጎረቤት ነው። እዚህ ሰፈር ከአገር ቤት የመጣ ሻንጣ ሲፈታ፣ ከበርበሬውና ከሽሮው መሃል አንዳንዴ «ለማዲያት ፍቱን ነው» የተባለ ክሬም ብቅ ይላል። ፊትን በጥቂት ሳምንት ያቀላል መባሉ ብዙ ጊዜ ሐሰት አይደለም። ግን እንዴት አድርጎ ነው? ዓመታት ሲቀቡትስ ምን ይከተላል?

ቀለማችን ሥራው ምንድን ነው?

ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ግርጌ ሜላኒን የሚያመርቱ ህዋሳት አሉ። ያመረቱትን ቀለም በዙሪያቸው ላሉ ህዋሳት ያድላሉ፤ እያንዳንዱ ህዋስም የደረሰውን ቀለም ዲ ኤን ኤው ከተቀመጠበት ቦታ በላይ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋዋል። ከፀሐይ የሚመጣውን የአልትራቫዮሌት ጨረር አብዛኛውን ይህ ጃንጥላ ይውጠዋል። በ1979 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት እንደለካው፣ ዩቪ ቢ ከተባለው ጨረር የጥቁር ሰውን ላይኛ ቆዳ አልፎ የሚገባው 7 ከመቶ ገደማ ሲሆን የነጭን ግን 24 ከመቶ ያህል ነው። አልቢኒዝም ያለባቸው አፍሪካውያን ገና በወጣትነታቸው በቆዳ ካንሰር የሚጠቁት ይህ መከላከያ ስለሌላቸው ነው።

ክሬሙ ምን ያደርጋል?

ህዋሱ ሜላኒን የሚሠራው ታይሮሲኔዝ በሚባል ኢንዛይም ነው። ማቅያ ውስጥ የሚገቡት ሃይድሮኪኖንና ሜርኩሪ ይህን ኢንዛይም ያሰናክላሉ፤ ቀለሙም ይቀንሳል። በብዙ ማቅያዎች ውስጥ የሚገኙት ሦስተኛዎቹ ደግሞ እንደ ክሎቤታሶል ያሉ ኃይለኛ ስቴሮይዶች ናቸው። በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ ሲሆኑ መድኃኒት ናቸው። ለረጅም ጊዜ ሲቀቧቸው ግን ቆዳውን ያሳሳሉ፤ የተበላሹ ህዋሳትን ለይቶ የሚያጠፋውን የቆዳ መከላከያም ያዳክማሉ። ስለዚህ ጉዳቱ ድርብ ነው፦ ጨረሩ እንደልብ ይገባል፣ ያበላሸውንም የሚያጸዳው ይደክማል።

ለምን ዓመታት ይቀቡታል?

ክሬሙ ራሱን አስፈላጊ ያደርጋል። ሲያቆሙት ቀለሙ ይመለሳል፤ ስቴሮይድ ካለበት ደግሞ ፊት ደም መስሎ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ቡግር ያወጣል። ሃይድሮኪኖን ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ጉንጭ ላይ ሰማያዊ የመሰለ ጥቁረት ሊያስከትል ይችላል። የሚቀቡትም «ማዲያቱ ባሰብኝ» ብለው ይጨምሩበታል። ይህ ጥቁረት በደቡብ አፍሪካ በ1975 በሕክምና መጽሔት ተዘገበ፤ አገሪቱም በ1990 ሃይድሮኪኖንን ከማቅያ ቅባቶች አስወጣች።

ካንሰሩስ?

አንድ ቱቦ ካንሰር ያስይዛል ማለት ማጋነን ነው። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም ሃይድሮኪኖንን ካንሰር አምጪ ብሎ አልፈረጀውም። ነገር ግን የዳካር የቆዳ ሐኪሞች ለረጅም ዓመታት ሲያቀሉ በኖሩ ሴቶች ላይ ስኳመስ ሴል የተባለውን የቆዳ ካንሰር አግኝተው ዘግበዋል። አንገትን የመሳሰሉ፣ ክሬሙም ፀሐዩም የሚደርስባቸው ቦታዎች ናቸው የተጠቁት። በጥቁር ሰው ላይ ይህ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ግን ፀሐይ ከማያየው ቆዳ፣ ከአሮጌ ጠባሳና ከቆየ ቁስል ነው። የቦታው መለወጥ ወደ ክሬሙ ይጠቁማል።

ፀሐይ ደግሞ ለሎስ አንጀለስ ሰው ከዓመት ዓመት አትርቅም። ፌርፋክስ ደርሶ ለመመለስ መኪና ውስጥ ሲቀመጡ እንኳ፣ የብዙ መኪኖች የጎን መስኮት ዩቪ ኤ የተባለውን ጨረር ያሳልፋል። ለዕረፍት አዲስ አበባ ሲገቡም ይብሳል፦ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ 10 ከመቶ ያህል ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት።

ምን ይደረግ?

ከ2020 ጀምሮ በአሜሪካ ሃይድሮኪኖን ያለበት ማቅያ ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ አይፈቀድም። ሜርኩሪ ያለበት ማቅያ ደግሞ ጭራሹን የተከለከለ ነው፤ በ2019 አንዲት የሳክራሜንቶ ሴት ከሜክሲኮ በመጣ ክሬም ውስጥ በነበረ ሜርኩሪ ተመርዛ ራሷን እስከመሳት ደርሳለች።

የተቀመመበት ነገር ያልተጻፈበትን ክሬም አይቀቡ። «ወርቅና ብር አያስነኩ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለበት ሜርኩሪ ይጠርጥሩ፤ ሜርኩሪ ከፎጣና ከአንሶላ ወደ ሕፃናትም ይተላለፋል። በፕላስቲክ ከረጢት አሽገው በኢምፔሪያል ሀይዌይ ወዳለው የሃይፐርየን አደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ይውሰዱት እንጂ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አይጣሉት። ለምክር የመርዝ መረጃ ማዕከሉ ስልክ 1-800-222-1222 ነው።

ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ከተቀቡ በድንገት አያቁሙ፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ያስቁምዎ። ለማዲያት አይረን ኦክሳይድ ያለበት፣ ቀለም ያለው የፀሐይ መከላከያ ይሻላል፤ ማዲያትን የሚያባብሰውን የሚታይ ብርሃንም ይከላከላልና። በወር ውስጥ ያልዳነ ቁስል ወይም እያደገ የሚሄድ እብጠት ካለ ለቆዳ ሐኪም ያሳዩ። ሲሄዱም ቱቦውን በቦርሳ ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ ፊትዎን አይቶ ብቻ የቀቡትን ማወቅ አይችልም፣ ኀፍረት የደበቀውን ደግሞ ማከም አይቻልም።