በአሠሪ ቤት ጌኮ ሲመጣ፦ እንስሳውን፣ ጤናችንንና ደመወዛችንን እንዴት እንጠብቅ?

እዚህ ረያን፣ ሙአይዘር ውስጥ በምሠራበት ቤት አንድ ቀን የማዳም ትልቁ ልጅ ረዘም ያለ የመስታወት ሳጥን ይዞ ገባ። ውስጡ ቅርንጫፍ፣ ቅጠልና የዛፍ ቅርፊት አለ፤ እንስሳ ግን አይታይም። «የታለ?» ስለው «ተኝቷል፣ ማታ ታይዋለሽ» አለኝ። ማታ መብራቱ ሲጠፋ አየሁት። ከነጭራው አንድ ስንዝር የሚሆን ቡናማ እንሽላሊት መስታወቱ ላይ ተለጥፎ በምላሱ የራሱን ዓይን ይልሳል። «በስመአብ!» ብዬ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

ልጁ ሁለት ሳምንት ያህል ተጫወተበትና ሰለቸው። ከዚያ ማዳም «ከዛሬ ጀምሮ አንቺ አብይው፣ አንቺ አጽጂው» አለችኝ። እንዴት እንደሆነ ግን ያሳየኝ ሰው የለም። በኢሞ ለጓደኛዬ ስነግራት «ኧረ እንጀራ ይበላ እንደሆን ጠይቂልኝ» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም። እንስሳው ቢሞት ማን ሊጠየቅ እንደሚችል አውቅ ነበር።

እህቶቼ፣ ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ሥራ በድንገት ለሚሰጣችሁ ነው። የእንስሳውን ጠባይ ካወቃችሁ ፍርሃቱም ይቀንሳል፣ ባላጠፋችሁት መወቀስም ይቀራል።

ምን ዓይነት እንስሳ ነው?

የእኛ ቤቱ ክረስትድ ጌኮ ይባላል። የመጣው ከአውስትራሊያ በስተምሥራቅ ካሉት የኒው ካሌዶኒያ ደሴቶች ነው። ጠፍቷል ተብሎ ሲታሰብ ቆይቶ በ1994 (እንደ ፈረንጆች) እንደገና ተገኘ። ዛሬ በየአገሩ ቤት ውስጥ ይረባል። በደንብ ከተያዘ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊኖር ይችላል።

መርዝ የለውም። ቢነክስም ጥርሱ ትንንሽ ስለሆነ ብዙም አይጎዳም። የዓይን ቆብ ስለሌለው ነው ዓይኑን የሚልሰው። ቀን ቅጠል ውስጥ ይተኛል፣ ማታ ይነሳል። ስለዚህ ቀን ዝም ቢል «ሞተ» ብላችሁ አትደንግጡ፤ እየነካካችሁም አትቀስቅሱት።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሰማያዊ ግራጫ ሆኖ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለው ትልቅ ጌኮ ከሆነ ቶኬ ይባላል። እሱ ኃይለኛ ነው፤ ከነከሰ ቶሎ አይለቅም። እሱን በባዶ እጅ አትያዙ። ባለቤቱ ራሱ እንዲይዘው በትሕትና ንገሩ።

ምግቡና ሙቀቱ

ክረስትድ ጌኮ ከፍራፍሬ የተዘጋጀ ዱቄት ይበላል። አብዛኛውን ጊዜ አንድ እጅ ዱቄት በሁለት እጅ ውኃ ይበጠበጣል፤ ማሸጊያው ላይ ያለውን መጠን ልጁ እንዲያነብላችሁ አድርጉ። ትልቅ ከሆነ በሁለት ቀን አንዴ ይበቃዋል። እኔ ከመግሪብ አዛን በኋላ አስቀምጥለታለሁ፣ በማግስቱ የተረፈውን አነሳለሁ። ቤት ውስጥ ያገኛችሁትን በረሮ ወይም ሌላ ነፍሳት አትስጡት፤ ፍሊት የነካው ሊሆን ይችላል።

ማታ ማታ ሳጥኑ ውስጥ ውኃ ይረጫል፤ ከቅጠሉ ላይ እየላሰ ይጠጣል። የመርጫው ጠርሙስ አዲስ ይሁን። ክሎሮክስ ወይም ሽቶ የነበረበት ጠርሙስ ይገድለዋል። ሳጥኑ ባለበት ክፍል ፍሊት አይነፋ፣ ቡኹርም አይጨስ።

ትልቁ ነገር ሙቀት ነው። ለእሱ የሚስማማው ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ነው፤ ከ28 በላይ ሲሆን ይጨነቃል፣ ከቆየበትም ይሞታል። የቀጠር በጋ ደግሞ ከ40 ዲግሪ በላይ እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ቤተሰቡ ለዕረፍት ሲሄድ ኤሲ አጥፍቶ ከሄደ እንስሳው ብዙ አይቆይም። እኔ ከጉዟቸው በፊት ማዳምን በዋትስአፕ በጽሑፍ እጠይቃለሁ፦ «የጌኮው ክፍል ኤሲ ይብራ ወይስ ይጥፋ? ምግቡ ሲያልቅ ማን ይገዛል?» መልሷን አላጠፋም። ድምፅ ይረሳል፣ ጽሑፍ ግን ይቀመጣል።

ጭራው ቢወድቅስ?

አንድ ቀን ሳጥኑን ሳጸዳ ሊያመልጥ ሲል በድንጋጤ ያዝኩት። ጭራው ተቆርጦ እጄ ላይ ቀረና እንደ ትል ይንቀሳቀስ ጀመር። የገደልኩት መሰለኝ፤ እንባዬ መጣ። ኋላ እንዳወቅኩት ግን ጌኮ ሲደነግጥ ጭራውን ራሱ ነው የሚጥለው። ተፈጥሮው ነው፣ ጠላቱ ጭራውን ሲያይ እሱ ያመልጣል። ቁስሉ በራሱ ይዘጋል። የክረስትድ ጌኮ ጭራ ተመልሶ አይበቅልም፣ ግን ያለ ጭራ ብዙ ዓመት ይኖራል።

ይህ እንዳይደርስባችሁ ከጭራው አትያዙት፣ ከላይም አትጨብጡት። መዳፋችሁን ከፊቱ ዘርጉለት፣ ከኋላው ቀስ ብላችሁ ነካ አድርጉት፤ ራሱ ይወጣበታል። ከሁሉ የሚሻለው ግን በምታጸዱበት ጊዜ ልጁ እንዲይዘው ማድረግ ነው።

ለጤናችን

ጌኮና ሌሎች እንሽላሊቶች ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ሊኖርባቸው ይችላል። እነሱ አይታመሙም፤ በኩሳቸው በኩል ግን ወደ እጃችን፣ ከእጃችን ወደ አፋችን ይመጣል። እኔ መጀመሪያ የምግብ ሳህኑን የማጥበው የወጥ ቤት ገንዳ ውስጥ ነበር። አንድ ሳምንት ተቅማጥ፣ ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት ያዘኝ። ከእሱ ይሁን ከሌላ ምግብ ባላውቅም፣ ክሊኒክ ስሄድ ነርሷ «ቤት ውስጥ እንስሳ አለ?» ብላ ስትጠይቀኝ ነው የገባኝ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ አደርጋለሁ፦

- ሳጥኑንም ሆነ ሳህኑን ወጥ ቤት ውስጥ አላጥብም። የራሱ ባልዲና ስፖንጅ አለው፤ ቆሻሻውን ውኃ መጸዳጃ ቤት እደፋለሁ።
- ጓንት አደርጋለሁ። ጓንት እንዲገዛላችሁ መጠየቅ ነውር አይደለም።
- ከጨረስኩ በኋላ እጄን በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ እታጠባለሁ፤ ጓንት ባደርግም እንኳ።
- ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዲነካው አልፈቅድም። ለሕፃናት፣ ለአረጋውያን፣ ለነፍሰ ጡርና አቅሙ ለደከመ ሰው በሽታው ይከብዳል።

ብትታመሙ ብዙ ጠጡ፤ ኦአርኤስ (ሀገር ቤት «ለምለም» የምንለው) ከፋርማሲ ይገኛል። ተቅማጡ ደም ካለው፣ ትኩሳቱ አልወርድ ካለ ወይም የጠጣችሁት ሁሉ ከወጣ ሐኪም ጋ መሄድ አለባችሁ። እንስሳ እንደምትንከባከቡም ንገሩ። ተቅማጥ ይዟችሁ ለቤተሰቡ ምግብ ባትሠሩ ለእነሱም ይሻላል፤ ይህንኑ ለማዳም አስረዱ።

ሰዓታችንና ደመወዛችን

እንስሳ መንከባከብ ሥራ ነው። ጌኮ የሌሊት እንስሳ ስለሆነ ሥራው ሳይታወቅ ከዕረፍታችን ላይ ይወስዳል። በቀጠር የቤት ሠራተኞች ሕግ (ቁጥር 15፣ 2017) መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ የቀን ሥራ ከ10 ሰዓት አይበልጥም። በሳምንት ደግሞ ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ከነክፍያው ዕረፍት አላችሁ። አሠሪ የሠራተኛዋን ሕይወትና ጤና አደጋ ላይ መጣል አይችልም፤ የሕክምና ወጪዋንም እሱ ነው የሚሸፍነው። በእኛ በኩልም የአሠሪን ንብረት በጥንቃቄ መያዝ ግዴታችን ነው።

ጭራው የወደቀ ዕለት ማዳም ተቆጣች፤ «ከደመወዝሽ 200 ሪያል እቆርጣለሁ» አለች። በወሩ መጨረሻ 200 ጎደሎ ሰጠችኝና ሙሉውን እንደተቀበልኩ የሚል ወረቀት ላይ ፈርሚ አለችኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ «ማዳም፣ የተቀበልኩትን ያህል ይጻፍና እፈርማለሁ» አልኳት። ልጁም «እማ፣ ጭራውን ራሱ ነው የሚጥለው» ብሎ ከኢንተርኔት አሳያት። ሁለት ቀን ኩርፊያ ነበር። በሦስተኛው ቀን ብሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች።

ሁሉም ቤት እንዲህ እንደማያልቅ አውቃለሁ። ግን ይህን ያዙ፦ ደመወዝ ከወር መጨረሻ በኋላ ባለው ሦስተኛ ቀን ሳያልፍ መከፈል አለበት፤ ከመጋቢት 2021 ጀምሮ ዝቅተኛው መነሻ ደመወዝ 1000 ሪያል ነው፣ ይህም የቤት ሠራተኞችን ይጨምራል። ያልተቀበላችሁትን ገንዘብ ተቀበልኩ ብላችሁ አትፈርሙ። ደመወዝ ቢቀር ወይም ዕረፍት ብትከለከሉ የሥራ ሚኒስቴር ስልክ 16505 ነው። ሊመታችሁ የሚነሳ ሰው ካለ አትከራከሩ፤ ራሳችሁን አርቁና 999 ደውሉ።

አሁን ሥራው ተከፋፍሏል። ልጁ ያበላል፣ እኔ በሳምንት አንድ ቀን፣ በሥራ ሰዓቴ፣ ሳጥኑን አጸዳለሁ። የዕረፍት ቀኔ ላይ አልነካውም። ጭራ የሌለው ጌኮ ዛሬም ማታ ማታ መስታወቱ ላይ ይወጣል። እኔም አልሸሸውም፤ ውኃውን ረጭቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ክፍሌ ገብቼ እተኛለሁ።